የሰሊጥ ገንዘብና የሰው ግዴታ



ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምንከራከረው በቁጥር ነው። የዓለም ባንክ እንደሚለው ከ1996 እስከ 2006 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ በአማካይ በየዓመቱ 10.9 በመቶ አድጓል፤ በዚያው ዘመን ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች አማካይ የዚህ ግማሽ ገደማ ነበር። ቁጥሩ ተጋኗል የሚሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት አሉ፤ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም። ሆኖም ከቁጥሩ ሁለት ሦስት ነጥብ ብንቀንስለት እንኳ አገሪቱ አንድ ትውልድ ሳያልፍ መልኳን የለወጠችበት ዘመን መሆኑን የሚክድ የለም። በ1989 ዓ.ም. 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የአገሪቱ መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከ100 ሺህ አልፏል። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ 112,249 ነዋሪ የነበራት ጎንደር በ1999ኙ ቆጠራ 207,044 ሰው ተቆጥሮባታል። በአገሪቱ የድህነት መለኪያ መሠረት ከድህነት ወለል በታች ይኖር የነበረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 23.5 በመቶ ሆኗል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ግን እነዚህ ቁጥሮች የማይመልሱት ነው፦ ይህን ያህል ገንዘብ በዚህ ፍጥነት ሲገባ፣ ሰው ለሰው ያለበት ግዴታ ምን ይሆናል?

ይህን ጥያቄ ለማንሣት የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ሳንጃ ተገቢ ቦታ ናት። ከጎንደር ተነሥቶ በትክል ድንጋይ በኩል የሚወርደው መንገድ እዚህ ደርሶ ወደ ሶረቃና ወደ ሁመራ ይቀጥላል። ደጋው ከኋላ ነው፣ ቆላው ከፊት። ክረምት ሲገባ በዚህ መንገድ ሰው ይወርዳል፤ መኸሩ ሲያልቅ ሰሊጥ ይወጣል። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ለአገሪቱ ብዙ የውጭ ምንዛሪ ካስገቡት ሰብሎች አንዱ ነው፤ ለብዙ ዓመታትም ትልቁ ገዢው ቻይና ነበረች። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የተጠራ ዋጋ በዚያው ቀን በስልክ ቆላው ውስጥ ይሰማል። በአንድ ወገን የዓለም ገበያ፣ በሌላው ወገን ከደጋ የወረደ አጫጅ፤ ሁለቱ የሚገናኙት እዚህ አካባቢ ነው። ፈጣን ዕድገት ማኅበረሰብን እንዴት እንደሚለውጥ ማጥናት የፈለገ ሰው ከአዲስ አበባ ፎቆች ይልቅ የሰሊጥ ማሳን ቢመለከት የበለጠ ይማራል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ሰብሉን እንየው፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከሰብሉ ጠባይ ነውና። ሰሊጥ ከታች ወደ ላይ እያበበ ከታች ወደ ላይ የሚደርስ ተክል ነው። የታችኛው ፍሬ አፉን ሊከፍት ሲቃረብ የላይኛው ገና እንጭጭ ነው። አጫጁ ቀድሞ ከገባ ያልበሰለ ፍሬ ያጭዳል፤ ጥቂት ቀን ከዘገየ ደግሞ ፍሬው ተሰንጥቆ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፣ የረገፈውንም የሚለቅመው የለም። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር በማጭድ ይታጨዳል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶው ቀጥ ብሎ ተደጋግፎ ሂላ ይሆናል፣ ሁለት ሳምንት ያህል ፀሐይ ይመታዋል፣ ከዚያም ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ማሽላ ቢዘገዩበት ይታገሣል፤ ሰሊጥ አይታገሥም። ዘሩ በቀላሉ ስለሚረግፍም አጨዳው እስካሁን በአብዛኛው በእጅ ነው። በዚህ ምክንያት በመስከረምና በጥቅምት፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ የቆላው ነዋሪ ብቻውን ከቶ የማይወጣው ሥራ ይመጣል። ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ በደኅናው ጊዜ ከትግራይም፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ አርማጭሆና ወደ ሁመራ ይወርዳል። አብዛኛው ወጣት ወንድ ነው። ከፊሉ ለአረም ወርዶ ይመለሳል፣ ከፊሉ ለአጨዳ ይቆያል፣ ከፊሉ ደግሞ ሳሉግ ሆኖ ከእርሻ እርሻ እየዞረ እዚያው ይከርማል። ከእርሻው ባለሀብት ጋር ብዙ ጊዜ የሚያገናኘው ደላላ ነው፤ ክፍያው በቀን ወይም በኮንትራት ነው፤ መኝታው ሜዳ ነው።

ይኸው ሰው በአገሩ፣ በደጋው ቀበሌ፣ ሌላ የሥራ ሥርዓት ያውቃል። ደቦ ሲጠራ የሚወጣው ገንዘብ ሊቀበል ብሎ አይደለም። ጠሪው ጠላና እንጀራ ያቀርባል፤ ሆኖም የሥራው ዋጋ በጠላው ተከፍሎ አያልቅም። ነገ የተጠሪው ጤፍ ሲደርስ ጠሪው በተራው ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ቢታመም ይጠይቀዋል፣ በሬው ቢሞትበት ጥማድ ያውሰዋል፣ ቢሞት ዕድሩ ይቀብረዋል፣ ልጆቹንም ዘመድ አዝማዱ ይከፋፈላቸዋል። ወንፈልም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ቀኑ እየተቆጠረ የሚመለስ ብድር ነው። የቀን ሥራ ከዚህ የሚለይበት ዋናው ነገር ሒሳቡ ማታውን መዘጋቱ ነው። ከፋዩም ተከፋዩም እጁን አራግፎ ይሄዳል፤ ሲነጋ አንዱ ሌላውን የሚጠይቅበት ነገር የለም። በእኔ እምነት ፈጣን ዕድገት በታዳጊ አገር ማኅበረሰብ ላይ የሚያደርሰው ጥልቁ ለውጥ ይህ ነው፦ ገቢን ከግዴታ ያፋታል። ስለ ፎቁ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ አለባበሱ፣ ስለ ወጣቱ አነጋገር ብዙ ይወራል፤ እነዚህ ዓይን ስለሚስቡ ነው። የግዴታ መላላት ግን ለዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው ሰው ሲወድቅ ነው። ገንዘቡ በአሥር ዓመት ውስጥ ሊመጣ ይችላል። የላላውን ግዴታ የሚተካ ተቋም ግን በዚያው ፍጥነት ራሱን በራሱ አይሠራም፤ አስቦበት የሚሠራው ይፈልጋል።

ሒሳቡ ማታ ይዘጋል ብያለሁ። በገንዘብ በኩል እውነት ነው፤ በሰው በኩል ግን ያልተከፈለው ዕዳ ሌላ ሰው ላይ ያርፋል። ለዚህ ካላዛር ከተባለው በሽታ የበለጠ ማስረጃ ማቅረብ አልችልም። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ደቃቅ ነፍሳት ናት። በቆላው የዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ትኖራለች፤ የምትናከሰውም ሌሊት ነው። ቀን ሲያጭድ ውሎ ግራር ሥር ያለ አጎበር የሚያድር ሰው ከሁሉ በፊት ይጋለጣል። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል፤ ካልታከመ ይገድላል። በመተማና በሁመራ በቀን ሠራተኞች ላይ መታየቱን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጽፈዋል፤ ስለዚህ ማንም አላወቅንም ሊል አይችልም። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ወረርሽኙ ሊቦ ከምከም ላይ ተነሣ። ሊቦ ከምከም የሰሊጥ አገር አይደለም፤ ከጣና በስተምሥራቅ ያለ፣ በሽታው ከዚያ በፊት የማይታወቅበት አገር ነው። በመጀመሪያ ወባ መሰለ። የወባ መድኃኒት አልመልሰው ሲል ነው ተመርምሮ ካላዛር መሆኑ የታወቀው። ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ በሽታው ከቆላው እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት መጣ የሚል ነው። ከታመሙት መካከል ብዙዎቹ ወደ ሰሊጥ እርሻ ወርደው የማያውቁ ነበሩ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ሰሊጡ ተሸጧል፣ ላኪው የውጭ ምንዛሪውን አግኝቷል፣ ሽያጩ በብሔራዊ ሒሳቡ ውስጥ ዕድገት ተብሎ ተመዝግቧል። በሽታው ግን በማንም መዝገብ ሳይገባ ሊቦ ከምከም ደርሷል፤ ዋጋውንም የከፈለችው ልጇን አቅፋ ወደ አዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ፍለጋ የመጣች እናት ናት።

በዚህ ላይ የተሠራውን መልካም ሥራ መዘንጋት ተገቢ አይሆንም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ካላዛርን የሚያክምና የሚመራመር ማዕከል አለው፤ አብደራፊ ላይም ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት በሽተኞችን አክመዋል። በምሥራቅ አፍሪካ ዋናው ሕክምና ሁለት መድኃኒቶችን በማጣመር ለ17 ቀናት በመርፌ የሚሰጥ ነው። እስቲ ይህን 17 ቀን ከአጫጁ ጎን ሆነን እንቁጠረው። የአጨዳው ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ነው። 17 ቀን አልጋ ላይ የተኛ ሰው የዓመቱን ገቢ ትልቁን ክፍል አጥቷል ማለት ነው፤ መድኃኒቱ በነጻ ቢሰጠው እንኳ ወደ ቤቱ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ብዙው ትኩሳቱን ችሎ ያጭዳል፣ ሲብስበት አውቶቡስ ላይ ይሳፈራል። ዕድሩ፣ ዘመዱ፣ ሚስቱ የሚጠብቁት ደጋው ላይ ነው። የደጋው ማኅበረሰብ ባላተረፈበት ሥራ የወደቀውን ሰው ይቀበላል፤ ያስታምማል፣ ካልሆነለትም ይቀብራል። ባህላዊው ተቋም ፈረሰ ሲባል እሰማለሁ። በእኔ ግምት ነገሩ ከዚያ የከፋ ነው፦ ሳይፈርስ፣ የቆላውን ዕዳ ያለ ክፍያ እንዲሸከም ተደርጓል።

ሕግና ተቋም የለም ማለቴ አይደለም። አሠሪና ሠራተኛን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ የደነገገው አዋጅ ቁጥር 715/2003 ወጥቶ በኋላም ተሻሽሏል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በክልላችን፣ በአማራ፣ ብዙ ወረዳዎችን አዳርሷል። እነዚህ ሁሉ የሚመሰገኑ ሥራዎች ናቸው። የሚያመሳስላቸው ጉድለት ግን አለ፤ ሁሉም የታሰቡት በአንድ ቦታ ለሚኖር ሰው ነው። ጡረታው የሥራ ፋይል ያለውን ቅጥረኛ ያስባል። የጤና መድኑ ቤተሰብን በቀበሌው መዝግቦ በወረዳው ጤና ጣቢያ ያሳክማል። ቆላው ውስጥ፣ አብርሃጅራ ላይ፣ በትኩሳት የወደቀ ወጣት የአባቱ መድን ካርድ ከእርሱ ብዙ ርቀት ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ዕድገቱ የሚፈልገው ተንቀሳቃሽ ሰው ነው፤ ጥበቃው ግን የሚያውቀው ተቀማጩን ብቻ ነው። ክፍተቱ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ የሚደፈነውም እዚህ ላይ ነው።

ገቢ ከግዴታ መለየቱ በቤት ውስጥም ይታያል። አማራ ክልል ትርፍ አምራች ከሚባሉት ክልሎች አንዱ ነው። ነገር ግን በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የክልሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል፤ ይህም ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። የመቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የውኃው ንጽሕና፣ የእናትየው ድካም፣ ጾሙን ሰበብ አድርጎ ሕፃኑን ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከል፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። አንዱ ምክንያት ግን ለዛሬው ጉዳያችን ቅርብ ነው። እህል ጎተራ ሲገባ ምን ያህሉ ለወጥ፣ ምን ያህሉ ለልጅ ገንፎ እንደሚወጣ በአብዛኛው የምታዝበት እናት ናት። ሰብሉ ሁሉ ተሽጦ ገንዘብ ሲሆን ውሳኔው ከጎተራ ወደ ኪስ ይሄዳል፤ ኪሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የባል ነው። ቤቱ በገንዘብ አድጎ ሕፃኑ ሊቀጭጭ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። በአገር ደረጃም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። ዘይቱ የሞላ ሰሊጥ ወደ ውጭ ይላካል፤ ለማብሰያ የምንገዛው ዘይት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ የፓልም ዘይት ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም መልስ የሚገባው ነው። «ያ የምታሞግሰው የደጋ ግዴታ ለማን መልካም ነበር?» ይባላል። በጎንደር ገጠር ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ እየተባሉ ኖረዋል። ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ በርስት ሥርዓቱ ውስጥ የመሬት ባለቤት የመሆን መብት አልነበራቸውም። ደቦው እኩዮችን ያስተሳስር ነበር፤ ከእኩዮች ውጭ የተደረገውን ግን አያውቀውም። ቆላው ላይ ግን ማጭድ የያዘ እጅ የማን ልጅ እንደሆነ አይጠየቅም፤ ለአንድ ቀን ሥራ እኩል ይከፈላል። በዕድገቱ ዘመን በወጣው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998 መሠረት የተሰጠው የይዞታ ደብተር የባልና ሚስትን ስም በአንድነት ይዟል፤ ባል መሬቱን ብቻውን እንዳሻው ማድረግ አይችልም። ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥርም በ1992ቱ ጥናት ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱ 166 ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት ወደ 67 ወርዷል። በየዓመቱ ሊሞቱ ይችሉ የነበሩ እጅግ ብዙ ሕፃናት በሕይወት አሉ ማለት ነው። ይህን ሁሉ አምናለሁ፣ በሙሉ ልቤም ደስ ይለኛል። ወደ ድሮው እንመለስ የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም። የምለው ይህ ነው፦ ገንዘብ ሰውን ከክፉውም ከደጉም ማሰሪያ በአንድ ጊዜ ይፈታል፤ ይህን ልቀቅ ያንን ያዝ ብሎ አይመርጥም። ምርጫው የእኛ ነው። ሸማኔውን ያዋረደው ሥርዓት መላላቱ መልካም ነው፤ የታመመን መጠየቅ የቻለው ሥርዓት በምን ይተካል የሚለው ግን ያልተመለሰ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የትዕግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ሳይመን ኩዝኔትስ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በዕድገት መጀመሪያ የገቢ ልዩነት እንደሚሰፋ፣ ቆይቶ ግን እንደሚጠብ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ብዙ መንግሥታት ይህን እንደ ሕግ ወሰዱት፤ አሁን ታገሡ፣ ኋላ ለሁሉም ይደርሳል አሉ። ኩዝኔትስ ራሱ ጽሑፉ በአብዛኛው ግምት እንደሆነ በግልጽ ተናግሯል። ከእርሱ በኋላ የታየው ታሪክም ሌላ ነገር ያሳያል። ደቡብ ኮሪያ ያደገችው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን መሬትን ለአራሹ ያከፋፈለችበት ሕግ የወጣው ግን በ1949 ነው። ልዩነቱ ሰፍቶ ኋላ አልጠበበም፤ መጀመሪያውኑ እንዳይሰፋ ተደርጎ ነበር። ሌላው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ማንኩር ኦልሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናቱ ዕድገት ሰላምን ያመጣል የሚለውን የተለመደ እምነት ተቃውሟል። ፈጣን ዕድገት በአጭር ጊዜ ብዙ አሸናፊና ብዙ ተሸናፊ ይፈጥራል፣ ሁለቱንም ከቀድሞ ማኅበራቸው ይነቅላቸዋል፣ የተነቀለ ሰው ደግሞ ለአለመረጋጋት የቀረበ ነው ይላል። ኦልሰን ስለ አርማጭሆ አልጻፈም፤ ግን ያለው ነገር እዚህ በደንብ ይሠራል።

ትዕግሥት ራሱ አላቂ ነገር መሆኑን ያሳየን የምጣኔ ሀብት ሊቁ አልበርት ሂርሽማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የሰጠው ምሳሌ የታወቀ ነው። በዋሻ ውስጥ በሁለት ረድፍ የቆሙ መኪኖችን አስቡ ይላል። የጎኑ ረድፍ መንቀሳቀስ ሲጀምር የእኔም ረድፍ ሊንቀሳቀስ ነው ብዬ ደስ ይለኛል፤ ያልፈኛል ብዬም አልቀናም። የእኔ ረድፍ ግን ከቆየ፣ ያ ደስታ ወደ ቁጣ ይለወጣል፣ መስመሩን ጥሼ ለመሻገርም እደፍራለሁ። በክልላችን የቆመው ረድፍ የመሬት አልባው ወጣት ረድፍ ነው። በጎንደርና በጎጃም ትልቁ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ልጅ የነበረ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ ወላጆቹ ከድርሻቸው ካልቆረሱለት ግን መሬት የለውም። ይኸው ሰው በየዓመቱ ወደ ቆላ ሲወርድ በብዙ ሄክታር የሚለካ የባለሀብት እርሻ ያጭዳል። ትምህርት የጨረሰውም ከዚህ የተሻለ ዕጣ የለውም፤ ዲግሪውን ይዞ ለአጨዳ የሚወርድ ወጣት ከእናንተ መካከል የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ድሃ ስለሆነ ብቻ አይደለም የሚከፋው፤ አባቱ ከእርሱ የበለጠ ድሃ ነበር። የሚከፋው ሌላው ሲያልፍ እያየ ቆሞ በመቅረቱ ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከበደውን ተቃውሞ ላንሣ። «ያጠፋን ጦርነቱ ነው፤ ዕድገቱን ለምን ትወቅሳለህ?» የሚል ሰው አለ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የተጀመረው ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የቀጠለው ግጭት መንገድ ዘግቷል፣ ትምህርት ቤት አዘግቷል፣ ብዙ ቤት አስለቅሷል። እነዚህ የየራሳቸው ፖለቲካዊ ምክንያት አላቸው፤ ሁሉንም ወደ ሰሊጥ ዋጋ መመለስ ሙታኑን ማቃለል ይሆናል፤ አላደርገውም። የምለው ከዚህ ያነሰ ነው። ኑሮው በሙሉ በመንገድና በገበያ ላይ የተንጠለጠለ ማኅበረሰብ መንገዱ ሲዘጋ የሚይዘው ነገር ያጣል። አሠሪው አያውቀውም፣ መድኑ አይደርስለትም፣ የደጋው ዘመዱም ራሱ ተቸግሯል። ደኅና ጊዜ እያለ የተሠራ የመተሳሰቢያ ሥርዓት ቢኖር ኖሮ የጦርነቱ ጉዳት ባይቀርም የሚደገፉበት ነገር ይኖር ነበር። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ሰላም እስኪሆን እናቆየው የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። ሰላም ሲመጣ ገንዘቡ ከሁሉ በፊት ይመለሳል፤ ሰሊጥ በሦስት አራት ወር ይደርሳልና። ያን ጊዜ ግዴታው እንደገና ወደ ኋላ እንዳይቀር የሚታሰበው ዛሬ ነው።

የቆላው ጫካም የዚሁ ታሪክ አካል ነው፤ በአጭሩ ልጥቀሰው። ለሰሊጥ ሲባል ከተመነጠረው መሬት ብዙው የዕጣን ዛፍ የነበረበት ነው። ዕጣን ዛፉን ሳይቆርጡ በየዓመቱ የሚሰበሰብ ሀብት ነው። የምንጣሮው ትርፍ በዚያው ዓመት ይታያል፣ ኪሳራው ለሚቀጥለው ትውልድ ይተላለፋል፤ የሚቀጥለው ትውልድ ደግሞ በድርድሩ ላይ ወኪል የለውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሌላ አገር የተሞከረ አንድ መንገድ ላሳይ። ኮሎምቢያ በቡና ያደገች አገር ናት። የቡና አብቃዮቿ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1927 ተቋቋመ፤ በ1940 ደግሞ ወደ ውጭ ከሚላከው ቡና ላይ መዋጮ የሚሰበስብ ብሔራዊ የቡና ፈንድ ተመሠረተ። በዚያ ገንዘብ በቡና አምራች ገጠሮች ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የውኃ መስመርና መንገድ ተሠርቷል። ገንዘቡ ከቡናው ጋር አገር ለቆ ከመሄዱ በፊት የግዴታው ድርሻ ከላዩ ተነሥቶ ለአካባቢው ቀርቷል ማለት ነው። ጉድለትም ነበረው፤ የፈንዱ ባለቤቶች ቡና አብቃዮቹ ነበሩ እንጂ ለመከር ከሌላ ቦታ የሚመጡት ለቃሚዎች አልነበሩም። እኛ ከዚህ መማር ያለብን ሁለቱንም ነው። ሰሊጥ ለገበያ ሲወጣ መጋዘን ይገባል፣ ይመዘናል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ በየኩንታሉ ትንሽ መዋጮ ለመያዝ አዲስ ቢሮ መክፈት አያስፈልግም። ገንዘቡ ግን ለባለእርሻው ብቻ ሳይሆን ለአጫጁ መዋል አለበት፦ ለአጎበር፣ ጣሪያ ላለው ማደሪያ፣ ለንጹሕ ውኃ፣ በየእርሻው ጣቢያ ትኩሳትን ለሚመረምር ጤና ባለሙያ፣ ለ17ቱ ቀናት ለታመመው ሰው ለሚከፈል ድጎማ።

«የሰሊጥ ዋጋ የሚወሰነው በዓለም ገበያ ነው፤ መዋጮው ዞሮ ዞሮ ከአምራቹ ኪስ ይወጣል» የሚል ባለእርሻ ትክክል ነው። ከፊሉ በእርግጥ ከእርሱ ኪስ ይወጣል። ግን ዛሬም ወጪው አለ፤ የሚከፈለው ሊቦ ከምከም ላይ ስለሆነ ነው የማይታየው። ባለእርሻውም ቢሆን ከአጫጁ ደኅንነት ይጠቀማል። በመኸር ጊዜ ትልቁ ምሬቱ የሰው እጥረትና የቀን ዋጋ መናር ነው፤ ዘንድሮ በደኅና ያደረ፣ ሲታመም የታከመ ሠራተኛ ከርሞ ወደዚያው እርሻ ለመመለስ ምክንያት አለው። መዋጮው ሕግና ድርድር ስለሚጠይቅ ጊዜ ይወስዳል። የጤና መድኑ ግን ያን ያህል አይጠብቅም። በደጋው ወረዳ የተመዘገበ አባል በታች አርማጭሆ፣ በምዕራብ አርማጭሆና በመተማ ጤና ጣቢያዎች እንዲታከም፣ ሒሳቡም ከደጋው ወረዳ ቋት እንዲወራረድ ማድረግ በክልሉ ጤና ቢሮና በወረዳዎቹ ስምምነት የሚፈጸም ጉዳይ ነው። ወጣቱ ከቤተሰቡ መድን የራሱን ካርድ ይዞ እንዲወርድ የደጋው ቀበሌ በሰኔ፣ አረሙ ሳይጀመር፣ ሊሰጠው ይችላል። የዚህ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ የባለሀብቶቹ ማኅበራትና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ይህን ለሚመጣው አጨዳ ማድረስ ይቻላል።